«ወራጅ» ማለት ላቃተው ልጅ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደሴ ነው የመጣው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፣ ባለቤቱ ይቅር ይበለኝ።

«እትዬ ሰላም ነሽ? 26 አመቴ ነው፣ ደሴ ተወልጄ ነው ያደኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። በተለይ በ‹ወ› እና በ‹መ› የሚጀምር ቃል ሲመጣ ጉሮሮዬ ይቆለፋል። ታክሲ ውስጥ ‹ወራጅ አለ› ማለት ስለማልችል ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ነው የምወርደው፣ አንዳንዴ ሰፈሬን አልፌ እስከ መጨረሻው ሄጄ ዳገቱን በእግሬ እመለሳለሁ። በሂሳብ ዲግሪ አለኝ፣ አስተማሪ መሆን ነበር ህልሜ። አምና አንድ ትምህርት ቤት ለኢንተርቪው ደውሎልኝ ስልኩን ዘጋሁት። አሁን የአጎቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ፣ ከደንበኛ ጋር የሚያወራው እሱ ነው። እናቴ ደግሞ ጀምሬ የያዘኝን ቃል እሷ ትጨርስልኛለች። አንድ የማከብረው ሰው ‹ፖዘቲቭ ሁን፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመህ አልንተባተብም በል፣ ይለቅሃል› አለኝ። አመት ሙሉ አልኩ። መስታወቱ ፊትማ ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው፣ ታክሲ ውስጥ ስገባ ግን ያው ነኝ። ሌላው ደግሞ ምላስህ ስር ያለውን ጅማት ተቆረጥ ይለኛል። እምነት ነው የጎደለኝ? ምን ላድርግ? — ፌርማታ ያለፈኝ»

ፌርማታ ያለፈህ ወንድሜ፣ መስታወቱ ጋ ስደርስ ሳቅኩ፣ ባንተ አይደለም በመካሪህ ነው። መንተባተብ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ መስታወት ፊት አያቆምህም ነበር፣ ምክንያቱም የሚንተባተብ ሰው ብቻውን ሲያወራ ብዙውን ጊዜ አይያዝም። ለብቻህ፣ ለድመት፣ ለህፃን ስታወራ ይለቅሃል፣ ስትዘፍን ይለቅሃል፣ ከሰው ጋር ባንድ ድምፅ ስታነብ ይለቅሃል። ስለዚ አመት ሙሉ የተለማመድከው ድሮም የማያስቸግርህን ነገር ነው። እምነት የጎደለው የለም፣ ፈተናው ነው ሌላ ቦታ የነበረው።

የጅማቱን ነገር ደግሞ ባጭሩ ልዝጋው፣ እንዳትቆረጥ! ምላሱ ስር የተጣበቀ ልጅ አንዳንድ ፊደል ይከብደው ይሆናል እንጂ መንተባተብ ከዛ አይመጣም። መንተባተብ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 አመት ባለው ነው፣ ብዙዎቹ ልጆች እያደጉ ይተዋቸዋል፣ ካዋቂ ሰው ግን ከ100 አንዱ ጋር እንደሚቀር ነው የሚነገረው፣ ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል፣ በዘርም ይሄዳል። አንጎል ንግግርን የሚያቀናጅበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው ይላሉ የሚያጠኑት። እናትህ አስደንግጣህ አይደለም፣ ቡዳ በልቶህም አይደለም፣ ፈሪ ስለሆንክም አይደለም። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም። ደሴ ህዝቡን አስበው እስቲ፣ ከመቶ አንድ ማለት ሰኞ ገበያ ላይ ዛሬ ስንት ሰው እንዳንተ ቃል ጉሮሮው ላይ ቆሞበት እየዋለ እንደሆነ። አታያቸውም፣ እንዳንተ ተደብቀው ነዋ!

አሁን ወደ ዋናው። የኔን ልንገርህና ከዛ እንመለሳለን።

እኔ ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ልጅ ሆኜ እየመገለ እየመገለ ሄደ። ሃይቅ ነው ያደኩት፣ ያኔ ማን ሀኪም ቤት ይወስድሃል። ታዲያ እስከ 30 አመቴ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ሰው በቀኜ ሲያወራኝ ፈገግ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ፊቱን ሲያጨማድድ «ውይ» እላለሁ። ጎበዝ ሆኜ ነበር፣ ሙያ ነው ያደረኩት። አንድ ቀን የሚካኤል ማህበር ላይ ተቀምጠን በቀኜ ያለችው ሴትዮ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፣ እኔም እንደልማዴ ፈገግ ብዬ ነቀነቅኩ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ምን ሆኑ ብዬ አብሬ እልል አልኩልህ! ለካ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ታማ እኔ ልተካት ተስማምቻለሁ። ጠላው፣ ዳቦው፣ ሁሉ። ኪሴ ውስጥ የነበረው ብር ደግሞ የወሩ አስቤዛ ነው። ጌሾ ተበድሬ፣ እህል ተበድሬ ደገስኩ፣ ባለቤቴ ሶስት ቀን አላናገረኝም።

ከዛ ድግስ በኋላ ነው «በግራዬ ንገሩኝ፣ ቀኙ አይሰማም» ማለት የጀመርኩት። አፌን ሞልቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገር ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ያቺው ሴትዮ ምን አለችኝ መሰለህ፣ «እኛማ ኩራት መስሎን ነበር»። አስበው፣ ለአመታት ስደብቅ የኖርኩት ነገር ሰው ዘንድ የደረሰው ኩራት ሆኖ ነው። ጆሮዬ እስካሁን አይሰማም። ግን ድግስ ሳላውቅ አልቀበልም።

አንተም ጋ የማየው ይሄንኑ ነው። የመንተባተብህ ዋጋ ስንት ነው ብለህ አስላው፣ ሂሳብ ተማሪ አይደለህ፣ «ወራጅ አለ» ለማለት ቢበዛ አስር ሰከንድ። የመደበቅህ ዋጋ ደግሞ ያ ሁሉ ዳገት በእግር፣ ያ የተዘጋ ስልክ፣ ሌላ ሰው የሚያወራበት ሱቅ። አስሩን ሰከንድ ላለመክፈል ነው ይሄን ሁሉ እየከፈልክ ያለኸው። ደብዳቤህ ላይ አልጻፍከውም እንጂ ቃልም እንደምትቀይር እገምታለሁ፣ መኪና ማለት ሲያቅትህ «ታክሲ»፣ ወተት ፈልገህ «ሻይ» ብለህ ያላማረህን እየጠጣህ። አይደል?

ፖዘቲቭ መሆንን አልጠላም፣ አባባሉ ነው የሚያናድደኝ። ቲክቶክ ላይ የምታያቸው ልጆች «ራስህን ከተቀበልክ ሁሉም ይስተካከላል» ሲሉ ልክ ራስን መቀበል ለመዳን የሚከፈል ጉቦ ነው የሚያስመስሉት። «አልንተባተብም» ማለት እኮ ራስን መቀበል አይደለም፣ ራስን መካድ ነው። የሚንተባተበውን አንተን በር ላይ አስቁመህ «አንተ አትግባ፣ ሌላኛው ሲመጣ ነው ኑሮ የምጀምረው» እያልከው ነው። ሌላኛው ደግሞ በ26 አመት አልመጣም። ይሄኛው ግን ዲግሪ ይዟል፣ የተሰባበረ ሞባይል ፈትቶ ይገጥማል፣ ደብዳቤ ሲጽፍ ደግሞ ከኔ የተሻለ ይጽፋል። በል አስገባው።

አጎቴን ባሳየሁህ። ነፍሳቸውን ይማር። እናቴ ክርስቲያን ናት፣ እሳቸው ሙስሊም፣ የወሎ ቤተሰብ ነዋ ምን ይገርማል። ባቲ ሰኞ ሰኞ ፍየልና ግመል ይነግዱ ነበር። ከአፋሩ በአፋርኛ፣ ከኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ከኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፣ በሶስቱም ይንተባተባሉ! ገዢ መጥቶ ዋጋ ሲጠይቃቸው አይናቸውን ከሰውየው አይን ሳያነሱ «ሁ... ሁ...» ይላሉ። ገዢው ቸኩሎ «ሁለት መቶ?» ይላል። እሳቸው ፈገግ ብለው በእጃቸው ቆይ ይሉትና «ሁ... ለት መቶ ሃ... ምሳ» ብለው ይጨርሱታል። አንዳንዱ ዝም ሲባል ጨንቆት ራሱ ዋጋ ይጨምራል። «የቸኮለ ገዢ ነው ያበላኝ» ይሉ ነበር ሲቀልዱ። አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ ገና ሰላምታው ላይ «እኔ ቃል ይይዘኛል፣ አንተ ደግሞ ያዝ አድርገህ ጠብቀኝ» ይሉታል። አለቀ። ከዛ በኋላ የሚደበቅ ነገር ስለሌለ ሰውየው ወደ ፍየሉ ይዞራል።

መውሊድ ሲሆን ደግሞ መንዙማ ያወጡ ነበር። አንዲት ፊደል አይያዙም! ድቤው እየተመታ፣ ተቀባዩ እየተቀበለ፣ ድምፃቸው እንደ ወንዝ ነበር የሚወርደው። መንዙማው አልቆ ውሃ ስጡኝ ለማለት ግን ያው «ው... ው...» ነው። ልጅ ሆነን ይገርመን ነበር፣ ጂን ነው የሚሉም ነበሩ። በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ዜማና ምት ሲኖር፣ ሌላ ሰው አብሮ ሲል፣ አንጎል ንግግሩን በሌላ መንገድ ሳይመራው አይቀርም፣ ለዛ ነው የሚለቀው ይላሉ የሚያጠኑት። እሳቸው ግን የጂኑንም የአንጎሉንም ወሬ ከቁም ነገር አይጥፉትም። እንዳይያዙ ብለው ገበያ ላይ በዜማ አላወሩም፣ እያዜሙ ፍየል አይሸጥም ይሉ ነበር።

ሙሳን ይወዱ ነበር። ቁርኣኑ ጣሃ ምዕራፍ ላይ ሙሳ ወደ ፈርኦን ሲላክ «የምላሴን ቋጠሮ ፍታልኝ» ብሎ ዱዓ ያደርጋል፣ እኛም ጋ ዘጸአት 4 ላይ ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው ሌላ ሰው ላክ ብሎ ከፈጣሪው ጋር ይከራከራል። አጎቴና እናቴ ቡና ላይ ስለሱ ሲያወሩ የሁለቱ ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ይገናኝ ነበር፣ ወንድሙ ሃሩን አብሮት ይሄዳል፣ ሙሴ ግን አይቀርም። እቤት ተቀምጦ ወንድሙን ብቻ አልላከም። (ያንተ የአጎት ልጅ ሱቅ ውስጥ ሃሩን ሆኖልሃል፣ አንተ ግን ሙሴነቱን ትተህ ጓዳ ገባህ። ተቆጣኝ ብትፈልግ።)

አንድ የምናዘዘው ነገርም አለኝ። 22 አመት አስተምሬያለሁ። አንድ አመት ክፍሌ ውስጥ የሚንተባተብ ልጅ ነበር፣ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። አማርኛ ክፍለ ጊዜ በተራ ስናነብ እሱ ጋ ስደርስ ቀስ ብዬ ወደሚቀጥለው አልፍ ነበር። ምህረት መስሎኝ። አመቱን ሙሉ እንደዛ አለፍኩት፣ ሌላ አስተማሪም ሳያልፈው አልቀረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኮምቦልቻ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ትልቅ ሰው ሆኖ መጣ፣ ሹፌር ሆኗል፣ ጉንጬን ስሞ ተቀመጠ። እያወራን «እትዬ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። ተራዬ ደርሶ ስታልፊኝ ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያዩኝ ነበር፣ ተንተባትቤ ባነብ ይሻለኝ ነበር ነው ያለኝ። ይቺን ለማለት ብዙ ወሰደበት፣ ሶስት አራት ቦታ ተያዘ፣ አንዴ አይኑን ጨፈነ። እኔ ደግሞ የዛን ቀን አልጨረስኩለትም። ሻዬ ቀዘቀዘ። ምን እንደመለስኩለት እንኳን አላስታውስም፣ ይቅርታ ማለቴን ብቻ ነው የማውቀው።

ስለዚ እናትህን ተረዳት፣ እንደኔው ናት፣ ስትያዝ ማየት አንጀቷን ስለሚበላው ነው የምትጨርስልህ። ግን ንገራት። ቡና ስታፈላ ሰላም ያለበት ሰአት ምረጥና «እማዬ ቃሌን እኔ ልጨርሰው፣ ቢረዝምም ጠብቂኝ፣ አይን አይኔን እያየሽ ጠብቂኝ» በላት። ትረሳለች፣ ደግመህ ንገራት። ለአጎትህም ልጅ እንደዛው፣ በቀን አንድ ደንበኛ ያንተ ይሁን። አንድ ብቻ። ስክሪኑ ስንት እንደሆነ አንተ ንገረው።

አፍህን በሚመለከት ደግሞ ባለሙያዎቹ ከሚሰጡት ውስጥ እቤትህ የምትሞክረውን ልንገርህ። የንግግር ህክምና ባለሙያ አገራችን ውስጥ በጣም ጥቂት ነው፣ ያሉትም አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ መሄድ ከቻልክ ሂድ፣ ካልቻልክ ግን እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። «ወ» ስትል ከንፈርህን አጥብቀህ ገፍተህ ነው የምትጀምረው ብዬ እገምታለሁ፣ በር እንደሚሰብር ሰው። ትንሽ ትንፋሽ አስቀድመህ ከንፈርህን ላላ አድርገህ ጀምረው፣ «ውውወራጅ» ብሎ ተንሸራቶ ይምጣ። ሲይዝህ ደግሞ እየታገልክ አትውጣ፣ ቃሉን እንደምንም ጨርስና ቆም በል፣ ጥቂት ሰከንድ፣ ከዛ ያንኑ ቃል ቀስ ብለህ ድገመው። ቃል አትቀይር! ወተት ካማረህ ወተት በል፣ አስተናጋጁ ይጠብቅ፣ ስራው ነው።

ሶስተኛው እብደት ሊመስልህ ይችላል፣ ሆን ብለህ ተንተባተብ። በማይከብድህ ቃል ላይ፣ አንተው ፈልገህ፣ ባለሱቁ ፊት «ሳ... ሳሙና ስጠኝ» በል። አንተው ስትጀምረው አንተው ታቆመዋለህ፣ ሰውየው ምንም እንደማይሆን ታያለህ፣ ሳሙናውን ይሰጥሃል፣ መልስ ይሰጥሃል፣ በቃ። ፍርሃቱ የሚለቀው በምክር ሳይሆን በሳሙና ነው ብዬ ነው የማምነው እኔ። ቃሉ ራሱ ሙሉ በሙሉ ይለቅህ ይሆን? ቃል አልገባልህም። ቀለል የሚልህ ቀን ይመጣል፣ ያለምክንያት የሚብስበት ሳምንትም ይመጣል፣ የዛን ሳምንት ደግሞ «ተመልሼ ዜሮ ገባሁ» እንዳትል፣ ባህሪው ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

አስተማሪነቱን በተመለከተ አልዋሽህም፣ ያሾፉብሃል። የመጀመሪያው ሳምንት የኋላ ወንበር ላይ ያለ አንድ ቀበጥ ያስመስልሃል፣ ክፍሉ ይስቃል። ግን እኔንስ ምን ይሉኝ እንደነበር ታውቃለህ? «እትዬ ምን አልክ»። በቀኜ የተቀመጠ ልጅ መልስ ሲመልስ ሁሌ «ምን አልክ?» ስለምለው። ስም የማይወጣለት አስተማሪ አላየሁም። አንዱ በጫማው፣ አንዱ በሳሉ። ስለዚ ገና ስትገባ ሰሌዳው ላይ ስምህን ጻፍና እንደ አጎቴ ቀድመህ ንገራቸው፣ «እንተባተባለሁ፣ ስያዝ ጠብቁኝ፣ እኔም እናንተ ሂሳብ ሲይዛችሁ እጠብቃችኋለሁ»። የኋላው ቀበጥ ያስመሰለው ነገር ራስህ የተናገርከው ከሆነ ምን ጣዕም አለው? ደግሞ ሂሳብ ነው፣ ግማሹን የሚናገረው ጠመኔው ነው። እና እዛ ክፍል ውስጥ አንድ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ልጅ ይኖራል። ተራው ሲደርስ እንዳታልፈው።

ኢንተርቪውም ያው ነው። ሲደውሉልህ አንሳው፣ ሄሎ እስክትል ሊዘጉብህ ይችላሉ፣ እሱ ይደርሳል፣ አንተ መልሰህ ደውል። ወይ ሜሴጅ ጻፍላቸው፣ «ስልክ ላይ ንግግር ይይዘኛል፣ በአካል ልምጣ» ብለህ፣ ነውር የለውም። ገብተህ ስትቀመጥ መጀመሪያ ይቺን በል፣ «እንተባተባለሁ፣ ጊዜ ይወስድብኛል፣ መልሱን ግን አውቀዋለሁ»። የማይቀጥሩህ ይኖራሉ። አንዳንዱ ቤት ገና ስትያዝ ሰአቱን ያያል፣ ያንን ፊት ታውቀዋለህ። ያማል። መጥተህ ጻፍልኝ፣ አብረን እንረግማቸዋለን።

ታክሲው ግን አሁን ያለ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ ሰው ባልበዛበት ሰአት፣ ከፒያሳ ግባና ከረዳቱ ጎን ተቀመጥ። ሰፈርህ ሳይደርስ ሁለት ፌርማታ ሲቀረው ጀምረው፣ በቂ ቦታ ይኑርህ። ቢይዝህ ወንበር ደብድበህ ወይ በእጅህ ጠቁመህ አታምልጥ፣ በአፍህ ጨርሰው። ቢያሳልፍህም ውረድና ተመለስ፣ ዳገቱን ለምደኸዋል፣ የዛን ቀን ግን የምትመለሰው «ወራጅ አለ» ብለህ ነው። ስንት ሜትር እንዳሳለፈህ ቆጥረህ ጻፍልኝ። እኔ አንድ መቶ ሃምሳ ብያለሁ።